የሚረሳ ፊት ያላት አማካሪ

አንዳንድ ሰው አንዴ ካዩት አይረሳም። እሷ ግን ሦስቴ ቢያገኟትም በአራተኛው "ተዋውቀን ነበር እንዴ?" የምትባል ሴት ናት። ቁመቷ መካከለኛ፣ መልኳ ደህና፣ ድምጿም እንደማንኛችንም ነው፤ ብቻ ከሰው አእምሮ ሾልካ ትወጣለች። ትምህርት ቤት ሳለች ፊት ለፊት ተቀምጣ "ቀሪ" ተብላ ታውቃለች። "ኧረ አለሁ!" ብላ እጇን ስታወጣ አስተማሪው መነጽሩን እያስተካከለ "አዲስ ገቢ ነሽ?" አላት፤ ዓመቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የገዛ እናቷ እንኳ ልጆቻቸውን ለምሳ ሲጠሩ የወንድሞቿንና የእህቷን ስም ሁሉ ጨርሰው "አንቺ... ማነሽ... ነይ እንጂ!" ይሏታል። ቤተሰቡ በዚህ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ሆዷ የሚባባበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን አንድ ባዳ ሰው አስቁሟት "አንቺን እኮ አውቅሻለሁ" ቢላት ምን አለበት?

የምትተዳደረው ግን በዚሁ ፊቷ ነው። የምትሠራው አንድ የደኅንነት አማካሪ ቢሮ ውስጥ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ቢባል ማን ያምን ነበር? አንድ ቁልፍና አንድ የሚጮህ ውሻ ያለው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛ ነበር። ዛሬ ሌባው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት" ብሎ በፊት ለፊት በር ይገባል፤ አንዳንዱማ ከሶፋው ሳይነሳ በስልክ ይሰርቃል። ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ባለ ሱቁም ግራ ገብቶታል። ግራ የገባው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጠው ካሜራ ለመግዛት ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ሲያበቃ ሌባው አይቶት አፍሮ የሚመለስ ይመስለዋል፤ የተቀረጸውን ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ግን አላሰበበትም። በዚህ የተነሳ ምክር ፈላጊው በዛ። አለቃዋ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ቢሮውን ሲከፍት ሁለት ወንበርና አንድ የሻይ ማፍያ ብቻ ነበረው። አሁን ደንበኛው መቀመጫ አጥቶ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የእሷ ድርሻ መግባት ነው። ባለቤቶቹ ፈቅደውና ፈርመው፣ በረኞቹ ግን ሳያውቁ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ትገባለች። መሰላል ከተሸከመች ማንም አያስቆማትም። ሁለት እጇ በዕቃ ከተያዘ ደግሞ በር የሚከፍትላት ሰው ይሻማል። የማይደረስበት ክፍል ደርሳ ፎቶ አንስታ ትወጣለች፤ ከዚያ ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ቀዳዳው በምን እንደሚደፈን ትመክራለች። ቢሮው ውስጥ "ንፋስ" ነው የሚሏት። አለቃዋ በደንበኛ ፊት "አስር ጊዜ ቢያዩዋት አያውቋትም!" እያለ ይኩራራባታል።

ባለፈው ዓመት አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ኬክ ይዛ ገባች። "የልደት ነው፣ እንዳይወድቅብኝ" ስትል ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ ሁለቱንም በር ከፈተላት፤ ሊፍቱንም ጠራላት። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቆፍጣና ሴት ናቸው፤ ሰውየውን ክፉኛ እንደተቆጡት ስትሰማ አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳች። ስልክ የሚያነሳ እሱ፣ ዕቃ የሚረከብ እሱ፣ በር የሚጠብቅ እሱ፤ ጠረጴዛው ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የቆመው። ምክሯን ሰሟት። ጠረጴዛው ዞረ፣ ዕቃ የሚረከብ ሌላ ሰው ተቀጠረ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጥ ተደውሎ ይጣራ ተባለ።

ዘንድሮ ድርጅቱ እንደገና ይፈተሽ ተባለና አለቃዋ ጠራት።

"ሥራ አስኪያጇ ምርር ብሏቸዋል። ዘንድሮም ካለፍሽ ጥበቃውን አሰናብተው በሩን በካርድ የሚከፈት ሊያደርጉት ነው" አላት።

"እንግዲያው ሌላ ሰው ይሂድ ጋሼ። እኔ የሰውየውን የእንጀራ ገመድ አልበጥስም።"

"ሌላ ሰው ከሄደማ ፈተናው ቀለለ። እዚያ ያለው መድኃኒት ነው እኮ፣ ብስኩት አይደለም። አንቺ ብታዝኚለት ሌባው ያዝንለታል?"

አውቃ ለመያዝም አሰበች፤ ትንተባተባለች፣ ትደነብራለች፣ ይይዛታል፣ አለቀ። ግን አንድ ቀን እውነተኛው ሌባ በዚያው በር ገብቶ የልብ መድኃኒቱን ጠራርጎ ቢሄድ፣ "በሩ ደህና ነው" ያለችው እሷ ልትሆን ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮዋ በደንብ ልትሠራው ቆረጠች፤ በሆዷ ግን "ምነው በያዘኝ" እያለች ነበር።

ጠዋት ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ኮፍያ ደፍታ፣ የመፍቻ ሳጥን ይዛ ሄደች። ጥበቃው ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል።

"ደህና አደርክ ወንድሜ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ጠርተውኝ ነው።"

"ደህና አደርሽ እህቴ። ማን ነው የጠራሽ?"

"ስሙን አልነገሩኝም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው ያሉኝ። ቶሎ ካልጨረስኩ ሌላም ቦታ ይጠብቁኛል።" ፈገግ ብላ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ሰደደች። ይህች ፈገግታ ስንቱን በር ከፍታለች!

"አንዴ ቆይ" አለና ስልኩን አነሳ። "ሦስተኛ ፎቅ? ማሽን ተበላሽቶባችኋል እንዴ? ... ምንም አልሆነም? እሺ።"

ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በሳቅ ተሞላ።

"ቆይ፣ ቆይ... አንቺ ባለ ኬኳ አይደለሽም እንዴ?"

ክው አለች። "የምን ኬክ? ተሳስተሃል ወንድሜ፣ እዚህ መጥቼም አላውቅ።"

"ኧረ በናትሽ! በአንቺ የተነሳ ጆሮዬ እስኪግል ነው የተቆጡኝ። ያኔ ጣቴን በር ቆርጦት በፋሻ ጠቅልዬው ነበር። ያን የሚያህል ኬክ ተሸክመሽ 'ጣትህን ምን ነካው? ሐኪም አይቶታል?' አልሽኝ። በዚህ በር የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚያልፈው። አንቺን እንዴት አድርጌ ልርሳሽ?"

ያን ጥያቄ ከሥራዋ ቆጥራው አታውቅም። ጣቱ አሳዝኗት ነው የጠየቀችው፤ ጠይቃም ረስታዋለች።

አማካሪ ሲያዝ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የፈቃድ ደብዳቤውን አውጥቶ ማንነቱን ይናገራል። እሷ ግን ደብዳቤው ትዝም አላላት። ሳጥኗን መሬት ላይ አስቀምጣ "እስቲ ድገመው" አለችው።

"ምኑን?"

"እንዴት አድርጌ ልርሳሽ ያልከውን።"

ግራ ገብቶት ደገመላት። የተያዘ ሰው ጮቤ ሊረግጥ ሲቃጣው ያየ ጥበቃ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ዘንድሮም ልትፈትነው እንደመጣች ስትነግረው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት "ለመሆኑ ያን ኬክ ማን በላው?" ብሎ ነው።

ሥራ አስኪያጇ "ሰው ተይዟል" ተብለው ሲወርዱ የተያዘችውና የያዛት ሰው ጎን ለጎን ቆመው ይንከተከታሉ። ነገሩ ሲገባቸው እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው።

"በቃ፣ አንተ የትም አትሄድም" አሉት።

"ወዴት ልሄድ ነበር?" አለ ጥበቃው።

ለአለቃዋ ደወለች። "ንፋስ ተያዘች? ወይ ጉድ!" አለ። "ታዲያ ይሄን ያህል ምን ያስፈነድቅሻል? ፊትሽ ከታወቀ እኮ ሥራሽ አለቀ!"

"ካለቀም ይለቅ ጋሼ! በረኞችን አሰለጥናለሁ። ሰው እንዴት እንደሚታወስ ይሄ ሰውዬ ያስተምረናል።"

ልትወጣ ስትል ጥበቃው ከኋላዋ ተጣራ። "ባለ ኬኳ! ስትመለሺ መታወቂያሽን እንዳትረሺ፤ አውቅሻለሁ ብዬ አላስገባሽም!"

መንገድ ላይ ወጥታ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች። አላፊ አግዳሚው እየዞረ አያት፤ እሷም ኮፍያዋን አውልቃ በደንብ ታየች።