ስልኩ ለቀስተኛ አባቴን ተዋጊ አለው

ዛሬ በዴሳ ከተማ ለቅሶ ላይ አንድ ስልክ አባቴን «ለጥቃት የተዘጋጀ ተዋጊ» አለው።

የሞቱት የአባቴ አጎት ናቸው። እንደ ድሮው ወግ ወንዶቹ ጦር ይዘው እያለቀሱ ይሮጡ ነበር፤ ከፊት ያለው አባቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ታምራት ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ያለውን ኤአይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። የመለሰለት ያንን ነው።

(አባቴ ዶሮ እንኳ በጎረቤት ነው የሚያሳርደው።)

ታምራት ሳቀ። «አንቺ፣ ጦርነት ላይ ማን እንደሚመታ የሚመርጠው እኮ እንዲህ ዓይነት ኤአይ ሆኗል። ወንድምሽ ደስ ይበለው፣ ወደፊት በእሱ ፈንታ ማሽን ይዋጋል።»

ወንድሜ ወታደር ነው። እናቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። በእሱ ፈንታ ማሽን ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ግን ማሽኑ የሚሄድበት አገርም ለቅሶ አለ። እዚያም አባት ያላት ልጅ አለች።

«ተሳስቶ ቢገድልስ ማን ይጠየቃል?» አልኩት።

«እሱንም ስልኩን ጠይቂው» አለኝ።

ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ እዚህ ልጠይቃችሁ፦ ወታደር ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ማሽኑ ይሂድለት ትላላችሁ? እኔ አዎ ማለትም፣ አይሆንም ማለትም አቃተኝ።