ከስልክ የሚበልጥ፣ ከላፕቶፕ የሚያንስ

ሰፈሩ እትዬ መርፌ እያለ የሚጠራት ልብስ ሰፊ፣ ከፀጉር አስተካካዩና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል በተሰነቀረች ጠባብ ክፍል አርባ ዓመት ስትሰፋ ኖራ፣ ሰውን የምታውቀው በመልኩ ሳይሆን በትከሻው ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ያላት ሰው ማን እንደሆነ ጠፍቷት ስትቸገር ትቆይና፣ ዞር ብሎ ሲሄድ ከጀርባው ታየዋለች። «እሱማ ግራ ትከሻው ዝቅ የሚለው ነው» ትላለች፣ ልቧ እርፍ ብሎ።

ድሮ ሥራው ደስ ይል ነበር። ደንበኛ አንድም የእናቱን ልብስ በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ አንድም ባዶ እጁን መጥቶ በጣቱ አየር ላይ እየሣለ «እዚህ ጋ ሰብሰብ፣ እዚህ ጋ ለቀቅ» ይላል። እሷም አየሩን አይታ ትሰፋለች፤ ልክ ይመጣል። አሁን ግን ሁሉም ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ይደቅናል። ጥፍር የምታህል ሴት፣ ጥፍር የሚያህል ቀሚስ ለብሳ። እትዬ መርፌ መነጽሯን እስክታስተካክል ስልኩ ይጨልማል፤ ሲበራ ደግሞ ይደወላል፤ ባለቤቱም «አንዴ» ብሎ ቀሚሱን እንደያዘ ወደ ደጅ ይወጣል።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ቀሚስ የተበላሸው እንዲህ ሆኖ ነው። በስልኳ ያሳየችው ቀሚስ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ወገብ የሚወርድ ጥቁር ነገር ነበረው። እትዬ መርፌ ዘመኑ ያመጣው ነው ብላ፣ ያንን ጥቁር ነገር ገበር አግብታ፣ ጫፉን በእጇ ቀምቅማ፣ አሳምራ ሰፋችው። ልጅቷ ለበሰችው፤ መስታወት ፊት ቆመችና ጥቁሩን ነገር በጣቷ ተከተለች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማንገቻው ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«የቦርሳ ማንገቻ ነው እኮ። ሴትዮዋ ቦርሳ አንግታ ነው የተነሳችው።»

ልጅቷ ደግ ስለሆነች አልተቆጣችም። ማንገቻው ተፈታ፣ ቀሚሱ ተስተካከለ። ወሬው ግን የሚፈታ አልሆነም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ በሯ ላይ ብቅ አለና «እትዬ፣ ቦርሳውን ለምን አስቀረሽባት? ዚፕ ብቻ ነበር እኮ የቀረው» አላት።

ባሏ አልሳቀም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ቦታ ካልተሰጠው እንቅልፍ የማይወስደው።

«ሴትዮ፣ ዓይንሽ እምቢ ብሏል። ሰው ሳይስቅ መተው ነው የሚያምረው።»

«ሰውማ ሳቀ።»

«ሳይደግም ነዋ።»

ሁለት ቀን ተነታረኩ። በመጨረሻ አንድ ልብስ ትስፋና ይታይ ተባለ። ካማረ የስፌት መኪናዋ ካለችበት አትነቃነቅም። ከተበላሸ ግን መኪናዋ ለእህቱ ልጅ ትሰጣለች፣ ክፍሏም ትለቀቃለች። እትዬ መርፌ እሺ ያለችው በንዴት ነበር። ካለች በኋላ ግን መኪናዋን በጨርቅ ወለወለቻት። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ሌላ ቦታ ኖሯት አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ነርሷ ልጃቸው ታብሌት ይዛላቸው መጣች። የሥራ ጓደኞቿ ሁሉ ሲገዙ እሷም ገዝታው፣ ስልክም ላፕቶፕም ስላላት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስተኛችው ነው።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለ አባቷ ዕቃውን እያገላበጠ። «ስልክ ለጆሮ ነው። ላፕቶፕ ለጣት ነው። ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለዓይን ነው አባዬ።»

«ለዓይን ሁለቱም አሉ። ይሄ ከስልክ ይበልጣል፣ ኪስ አይገባም። ከላፕቶፕ ያንሳል፣ መጻፊያ የለውም። በቅሎ በይው። ፈረስም አይደለም፣ አህያም አይደለም።»

«በቅሎ ዳገት ትወጣለች» አለች እትዬ መርፌ፤ ዕቃውን ወዳው ሳይሆን እሱን ለመቃወም።

ይሁንና በቅሎው ከመጀመሪያው ቀን ሥራ አላጣም። ጨርቅ ለመቁረጥ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ እንዳይሸሽ የሚከብድ ነገር ይጫንበታል። እትዬ መርፌ ድሮ የምትጭንበት የከሰል ካውያ ነጭ ጨርቅ ባየ ቁጥር ያቆሽሻል። ታብሌቱ የጎማ ልብስ ስላለው አይንሸራተትም፣ አያቆሽሽም። ልጇ ስትመጣ የሰው ሱሪ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«አውቃለሁ። ጥሩ ይከብዳል።»

ያችን የፈተና ልብስ ያዘዘችው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነበረች። ጡረታ ልትወጣ ነው። በሽኝቷ ቀን፣ ለማስተማር መጀመሪያ ክፍል የገባች ዕለት የለበሰችውን የመሰለ ጃኬት ልትለብስ አምሯታል። ጃኬቱ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ነው፣ ከተማሪዎቿ መሃል የቆመችበት። እሱን በስልኳ አንስታ ላከችላት።

«ሌላው እንደ ወደድሽ እትዬ። ኮሌታው ግን ራሱ ይሁንልኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ስልሳ ልጅ ፊት ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አንገቴን ቀጥ አድርጎ የያዘኝ እሱ ነው።»

ኮሌታው ስልክ ላይ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። እትዬ መርፌ የባሏን ላፕቶፕ ለመነች። ባሏ «ጠመኔና መርፌ ያለበት ቤት ላፕቶፕ አይገባም፤ ማየት ከፈለግሽ እቤት ነይ» አለ። እቤት ሄዳ አየች። ጥሩ ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «ያ ኪስ ነው፣ ያ ጥላ ነው፣ ማንገቻ እንዳትዪው» እያለ አላስቀምጣት አለ። ወደ ክፍሏ ስትመለስም አንዱ ጤናዋን ሲጠይቃት፣ ሌላዋ የታመመ ዘመድ ስታወራላት፣ በሯ ላይ ስትደርስ ኮሌታው ከጭንቅላቷ ወጥቷል።

ልጇ በማግስቱ ፎቶውን ታብሌቱ ላይ ጫነችላት። «በሁለት ጣትሽ ያዢና ክፈቺው፣ እማዬ። እንደታጠፈ ጨርቅ።» መጀመሪያ እንድትለማመድ ብላ ቤተሰቡ በዓመቱ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ የተነሳውን ፎቶ አወጣችላት። እትዬ መርፌ የልጇን ፊት ከፈተች፣ ደስ አላት። መጋረጃውን ከፈተች፣ መታጠብ እንዳለበት አየች። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ የባሏን ሱሪ ጫፍ ከፈተች፤ አጎነበሰችበት።

ባሏ ጋዜጣውን ይዞ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ና እስቲ። ይሄ ስፌት የማን ነው?»

«የቱ?»

«የሱሪህ እግር እጥፋት። የኔ ስፌት ከውጭ አይታይም። ይሄ በስፌት መኪና የተረገጠ ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰውዬው መነጽሩን ጠረገ፣ ጋዜጣውን አጣጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ። «ፌርማታው ጋ ያለው ልጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «አንቺን እንዳላደክም ብዬ።»

«ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ከሌላ ሰፊ ጋር ያዝኩህ።»

ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ደግሞም ጠማማ ነው» አለች እትዬ መርፌ። ሳቀችም። ነገሩ ግን ገብቶ ውስጧ ተቀመጠ። ፎቶው የተነሳው ከማንገቻው ወሬ በፊት ነው። ሰው ሳይስቅባት፣ እሱ አስቀድሞ ተስፋ ቆርጦባታል ማለት ነው።

በማግስቱ ብቻዋን ሠራች። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ ላፕቶፑ ቢሆን ክዳኑ ተገትሮ ያስቸግራት ነበር። ሜትሯን የታብሌቱ መስታወት ላይ እያስተኛች ኮሌታውን ከርዕሰ መምህሯ አንገት ልክ ጋር እስኪገጥም ከፈተችው። ስስ ወረቀት ስታለብሰው ብርሃኑ ከሥር ወጣ፤ መስመሩ ሁሉ እንደ ጠዋት መስኮት ቦግ አለ። በእርሳስ ተከተለችው። ቀኙን ጨረሰች፣ ወደ ግራ ዞረች፣ መዳፏን አሳረፈች፤ ሥዕሉም ከወረቀቱ ሥር ቀስ ብሎ ተለጠጠ። አላየችውም።

ጨርቅ ሳትነካ ወረቀቱን አጥፋ ጎን ለጎን ማስተያየት ልማዷ ነው። አጠፈችው። ቀኙ የድመት ጆሮ፣ ግራው የዝሆን ጆሮ ሆኖ ወጣ።

ባሏ በዚህ ሰዓት ገባ። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «በይ አየሽ» የሚለው ነገር ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዋጠው።

እትዬ መርፌ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያስተማራት ሽማግሌ ትዝ አላት። ሁልጊዜ የረጠበ ሱፍ በካውያ ሲተኮስ የሚሸት ሰው ነበር፤ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ «ሙሉ ኮሌታ የሚሥል ሞኝ ነው! ሰው እጁ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይሄድም። ወረቀቱን አጥፈሽ ግማሹን ሣይና አንዴ ቁረጪ» ይል ነበር። አርባ ዓመት እንዲያ ስትሠራ ኖራ፣ ሙሉ ኮሌታ በርቶ ሲመጣላት ጊዜ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ረሳችው።

አዲስ ወረቀት አጠፈች። ባሏ ኮቱን አውልቆ መጣ።

«እጅሽን ከመስታወቱ አንሺ። ወረቀቱን እኔ ጫፍ ጫፉን ልያዝልሽ።»

«ውርርዱን ብታሸንፍ አይሻልህም?»

«ዝም ብለሽ ሣይ።»

መዝገብ ቤት ማኅተም ሲመታ እንደሚያደርገው ትንፋሹን ውጦ ያዘላት። ግማሹን ሣለች፤ ቆረጠች፤ ዘረጋችው። ሁለቱ ጆሮዎች የአንድ ድመት ሆኑ።

ርዕሰ መምህሯ ለመለካት የመጣች ቀን ባልየው ምስክር ሆኖ በርጩማው ላይ ጀርባውን አጉብጦ ተቀምጦ ነበር። ጃኬቱን ለበሰች። መስታወት ፊት ቆመች። እትዬ መርፌ የርዕሰ መምህሯን ፊት ላለማየት መሬት ላይ የወደቀ ክር ለቀመች። ርዕሰ መምህሯ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ነካች፣ አገጯን ከፍ አደረገች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ኋላ አየችና፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም በሚያሰኝ ድምፅ፣

«አንተ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» አለች።

ሰውዬው ቀጥ አለ። እጁን ከኪሱ አወጣ።

ርዕሰ መምህሯ ደንግጣ ዞረች። «ይቅርታ ጋሼ። እኔ አይደለሁም፤ ኮሌታው ነው።»

«ግዴለም» አለ ባልየው፤ ጀርባውን ግን መልሶ አላጎበጠም።

እትዬ መርፌ ክሩን ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ወደሱ ዞረች። «እሺ ዳኛው። ፍርዱን ስጠን።»

«ቀጥ ብዬ ተቀምጬልሽ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን እንድል ትፈልጊያለሽ?»

እሷም መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የእጅጌውን ጫፍ መስፋት ጀመረች።