በአንድ እግር መቆም ያስተማሩኝ ጋሼ እንድሪስ

ጋሼ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ፣ የፈጅር ሶላት እንዳለቀ፣ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከአጣዬም ከማጀቴም የታመመ ወገባችሁን ይዛችሁ፣ እንዲያፍታቱላችሁ ሸዋ ሮቢት ግቢያቸው ድረስ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ለቀብራቸው ላልደረሳችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ በአንድ የጎልፍ ሜዳ፣ የተጫዋቾች ዱላ ተሸካሚ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በፊት ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ እያዩ እንቅስቃሴውን ሁሉ ለመዱት። አብዮቱ ሲመጣ ጌቶቹ ተበተኑ፣ ሜዳውም ተዘጋ። እርሳቸው አንድ አሮጌ የጎልፍ ዱላ ይዘው ወደ አገራቸው ወደ ይፋት፣ ሸዋ ሮቢት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ወገባቸውን ያዞራሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው በአንድ እግራቸው ይቆማሉ። አገሬው «ጂን ነካቸው» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ከነዱላቸው አስጠራቸው።

«ይህ ልምምድ ማንን ለመምታት ነው?»

«ኳስ ነበር የሚመታበት፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሁን ኳሱም የለ፣ ጌቶቹም የሉ። እኔ ወገቤን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት።»

ሊቀመንበሩ ሳቀና ለቀቃቸው። የስብሰባ ብዛት ወገቡን ሲይዘው ጊዜ እርሱንም አሸዋው ላይ አየነው።

እኔን ሰው ያደረጉኝ ከጦር ግንባር ቆስዬ በተመለስሁበት ዓመት ነው። ግራ እግሬ በፈንጂ ፍንጣሪ ተጎድቶ በምርኩዝ ነበር የምሄደው። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ አርጅታለች። ቀወት ያለው ማሽላችን እሸት ይዟል፤ የግሪሳ ወፍ ሰማዩን አጥቁሮ ይመጣል። ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ የሚያባርር ከሌለ የዓመት ጉርሳችን የወፍ ሲሳይ መሆኑ ነው። በምርኩዝ ደግሞ ወንጭፍ አይወረወርም። ሞከርሁና ከማማው ወደቅሁ። እናቴ ማሳው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ጋሼ ይህን ሰምተው ከከተማ በእግራቸው መጡ።

«አንተ የምትወረውረው በክንድህ ነው» አሉኝ። «ጉልበት የሚነሣው ከዳሌ ነው፤ ክንድ ተላላኪ ነው።»

«እግሬስ፣ ጋሼ?»

«እግርህ ታመመ እንጂ አልሞተም። የታመመ ይጠየቃል እንጂ ይቀበራል እንዴ?»

በዱላቸው ወገቤን አዞሩኝ፤ ድንጋይ ላይ እያስቀመጡ ያለ ምርኩዝ አስነሡኝ፤ በታመመው እግሬ ብቻ አስቆሙኝ። ስንገዳገድ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ አይነኩኝም። «ወደ ታች አትይ፤ መሬቷ የትም አትሄድብህም» ይላሉ። ሕመሙ እንባዬን ሲያመጣው ፊታቸውን ያዞሩልኛል። እኔ እስክጠነክር ማማው ላይ ወጥተው ወፍ የጠበቁልንም እርሳቸው ናቸው፤ ያውም በዚያ በቆላው ፀሐይ።

ከዚያ አንድ ቀን እኔ ወጣሁ። ወንጭፉ ሲጮህና ግሪሳው ከማሳው ሲነሣ እናቴ እልል አለች። ጋሼ ከታች ሆነው ፊቴን ሳይሆን ዳሌዬን ያዩ ነበር። ያንን ዓመት ማሽላችንን በላን።

ባለፈው ክረምት ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ዱላውን አቀብለኝ ብለው ለመቆም ሞከሩ። እኔም እንዳስተማሩኝ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ቆሙ። ወዲያው ግን ጉልበታቸው ታጠፈ፤ ያዝኋቸው። «አይ ልጄ፣ የእኔ ተራ አለፈ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ጠጠራም ቁልቁለት መሆኑን ያውቃሉ። ጀናዛዎን ልሸከም ስጠጋ ሰዎቹ «አንተ ተው፣ እግርህ» አሉኝ። አልተውሁም፤ በግራ በኩል ገባሁ። እየወረድሁ ወደ ታች አላየሁም። ዳሌዬን የሚያይልኝ ግን አልነበረም፤ የልቤ ስብራት እሱ ነው። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጥዎ። ደኅና ይሁኑ፣ ጋሼ። ሳልንገዳገድ አደረስሁዎት።