የተጠባባቂው ሱሪ

ባለፈው ሰሞን ከባምቢስ ታክሲ ያዝኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ ኳስ ይነታረካሉ። አንደኛው፣ «ይሄን ልጅ ግን ለምንድነው የማያሰናብቱት? ሞቷል እኮ፣ በቃ! ታዳጊውን ያስገቡት!» አለ። ስለ ማን እንደሚያወራ፣ የየትኛው ክለብ እንደሆነ አላውቅም። ቃሉ ብቻ ግን አስደነገጠኝ። ልጅ ያደረሰች ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ በሰው ወሬ እንዲህ ትደነግጣለች ወይ ብትሉኝ አልከራከራችሁም። መውረጃዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።

እንዲህ ያደረገኝ የአባባ ሱቅ ነው።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታችን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ነበር። የፊተኛዋ ሱቅ፣ የኋለኛዋ መኖሪያ፣ በመሃላቸው አንድ አበባ ያለበት መጋረጃ። ሱቁ የከሰል ካውያ፣ የእርጥብ ሱፍና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ የጨርቁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ዘመን፣ የኳስ ወሬ የሚገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሱቋ በደጋፊ ትሞላለች። ክለባችን ትንሽ ክለብ ነበር፤ ዋንጫ የሚያውቀው በሩቁ ነው። ደጋፊዎቹን ብታዩ ግን፣ እኔ ልሙት፣ በየዓመቱ ዋንጫ የሚበሉ ነው የሚመስሉት።

ከሁሉም የሚጮኸው ባለ ሚኒባሱ ነበር፤ ካዛንቺስ የሚጭን፣ ድምፁ ያለ ረዳት ተሳፋሪ የሚጠራ ሰው። ከበሩ አጠገብ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ደግሞ የድሮው በረኛ ነው። በወጣትነቱ ለዚሁ ክለብ ተጫውቷል። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም፤ በከዘራ ነው የሚሄደው።

ክርክራቸው ሁልጊዜ ሁለት ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱ ታዳጊው ነው፤ ከተስፋው ቡድን የመጣ፣ በግራ እግሩ ተአምር የሚሠራ ለግላጋ ልጅ። «ይሄ ልጅ ካልተሰለፈ እኔ ስታዲየም ካታንጋ ዳግመኛ አልቀመጥም!» ይላል ባለ ሚኒባሱ። ሌላው ቦታውን ይዞበታል የሚሉት ተጠባባቂ ነው። ለታዳጊው ቦታ እንዲገኝ እሱ መሰናበት አለበት። ተጠባባቂው የኔ ታላቅ ወንድም ነበር።

በአባቱ ፊት እንዴት እንዲህ ይባላል እንዳትሉ። ወንድሜ ወደ ዋናው ቡድን ያደገ ዕለት አባባ ደስታቸው ልክ አጥቶ ለሁሉም ለስላሳ ጋበዙና፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ የእኔ ልጅ የሚባል የለም። ተጫዋች ነው ያለው! ሲያጠፋ እንደማንም ስደቡት!» አሉ። ደጋፊ ምን ቸገረው? ቃላቸውን ተቀበለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አባባ ግን አጥሩን ራሳቸው አፍርሰው ሰጧቸው። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር፤ ወንድሜ እንደ ጥይት ይሮጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሩጫው ጠፋ። ወንበር ላይ ዋለ። ሲገባም ኳስ ከመንካቱ በፊት «ይውጣ! ይውጣ!» ይባልበታል።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የጨዋታ ቀን ሲሆን ከጠዋት ጀምሮ ይጨንቀኛል። ነፋስ ካለ የስታዲየሙ ጩኸት ቤታችን ድረስ ይሰማል። ጎል ይሁን ስድብ ግን መለየት አይቻልም። እማዬ የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ጆሮዋን ታቆማለች። «አሁን እሱን ነው?» ትለኛለች። «ኧረ እማዬ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?» እላታለሁ። «እመቤቴ፣ ከሰው አፍ ሰውሪልኝ» ትልና ታማትባለች።

አንድ ቅዳሜ ተሸንፈው ወንድሜ በጓሮ በር ገባ። መጋረጃው ሥር ተቀምጦ ፓስታውን መብላት ጀመረ። ደጋፊዎቹ ከወዲያ ማዶ ሱቁን ሞልተውታል፤ እሱ መግባቱን አላወቁም።

«ኧረ፣ ልጁ አንዴ ወንበሩን ለምዶታል!» አለ ባለ ሚኒባሱ። «እንደ ዝንጀሮዋ ቅድሚያ የመቀመጫዬን ብሏል!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። የአባባ የእግር መኪና ብቻ ፈጠነ፤ ትከትክትክ ይላል። ወንድሜ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለና በጣቱ «ዝም በይ» አለኝ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያ ፈገግታ እስከዛሬ ያስፈራኛል።

ሳቁ ሲበርድ የድሮው በረኛ ከበሩ ጋ ተናገረ። «ኧረ ተዉት ልጁን። ምን እንደያዘው ማን ያውቃል? እኔ ጉልበቴ ሲበላሽ ማን አየልኝ? መጀመሪያ የከሳው ጭኔ ነው። አንዱ ጭን ከሌላው ይቀጥናል፤ ጉልበት ሲሞት እንደዚያ ነው። ያኔ ባቆም ኖሮ እድን ነበር። እንዳልባረር ደብቄ ተጫወትኩ። ይኸው ከዘራ ወለድኩ።» ባለ ሚኒባሱ ወዲያው ወደ ታዳጊው ተመለሰ።

ክለባችን አንድ ልማድ ነበረው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኙ ከደጋፊው አንድ ሽማግሌ ያስጠራና «ሕዝቡ ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ያለው አይወድቅም፤ ደጋፊ ከተቀየመ ሜዳው ባዶ ይሆናላ! ለዓመታት የሚሄዱት አባባ ነበሩ። የዚያን ዓመትም ደጋፊዎቹ አባባን መረጡ። ባለ ሚኒባሱ እጃቸውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ የሕዝቡን ቃል ያውቃሉ። ታዳጊው ይግባ፤ ተጠባባቂው ይሰናበት» አላቸው። ስሙን አልጠራም። አባባም «ሰምቻለሁ» አሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰው የሚራመደው በእግር ጣቱ ነበር። አባባ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። እማዬ ያጠበችውን ልብስ መልሳ ታጥባለች። ወንድሜ ከሰፈር ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቆመ። እኔ ደግሞ አባባ ቀና ባሉ ቁጥር አፋቸውን አየት አየት አደርጋለሁ።

በዚያው ሳምንት የአክስታችን ልጅ ሰርግ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ሚዜ ስለነበር ሱፍ ይሰፋለታል። ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሰው በሌለበት፣ አባባ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ይለኩት ጀመር። እኔ ካውያው ላይ ከሰል እየጨመርኩ ነበር። ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ለኩ። ቀኙን ጭን ለኩ። የልብስ ሰፊ ወግ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሁለቱንም ጭን የሚለካ የለም፤ ፈጣሪ እኩል አድርጎ ሠርቷቸዋል ተብሎ ይታለፋል። አባባ ሜትሩን ሊጠቀልሉ ሲሉ ወንድሜ ክብደቱን ወደ ግራ እግሩ አዞረና ፊቱን አጨማደደ። ቅጽበት ናት፤ እኔ አየኋት፤ እሳቸውም አዩዋት።

አባባ ተንበረከኩ። ሜትሩን በግራው ጭን ዙሪያ ጠመጠሙ። ተመልሰው ቀኙን ለኩ፣ ከዚያ ግራውን እንደገና። አውራ ጣታቸውን የግራው ጭን ቁጥር ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«በደንብ ቁም እስቲ» አሉት።

«ቆሜያለሁ አባባ።»

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። እሱ ግን በበሩ ወደ ውጭ ይመለከታል። ከዚያ ጠመኔያቸውን አንስተው፣ «ሱሪውን ሰፋ አደርገዋለሁ» አሉ። በቃ።

አሰልጣኙ ጋ ሊሄዱ የተቀጠሩበት ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። አባባ ኮታቸውን ሲለብሱ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «የአብራክህ ክፋይ ነው፤ ልጄን እንዳታስወጣብኝ» አለቻቸው። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አነሷት። «አንቺ ጸልዪ» ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

ወንድሜ ጓሮ፣ ጣራው ሥር ተቀምጦ ዋለ። የቆርቆሮው ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። አባባ ሲመለሱ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ወንድሜ ተነሳ።

«ምን አሏቸው፣ አባባ?»

«አሰናብቱት አልኩ።»

እማዬ ከውስጥ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። «ለእነሱ አፍ ሰጡኝ?» አለ። «ለባለ ሚኒባሱ ብለው?»

«ጭንህን ለክቼዋለሁ» አሉ አባባ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ሁለቱንም ለክቼዋለሁ። ከስንት ወር ጀምሮ ነው ያመመህ? እኔ ልጄን በከዘራ ማየት አልችልም። እፈራለሁ። ሰማህ? ሜዳ በገባህ ቁጥር እፈራለሁ።»

አባባ «እፈራለሁ» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ በዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

ደጋፊዎቹ ሲሰሙማ! ሱቁን ሞልተው መጡ። «ጋሼ፣ ከልጁ ክለቡን ያስቀደመ! እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል?» አለ ባለ ሚኒባሱ፤ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። አባባ ጨርቃቸውን አጣጠፉ። ገና እኩለ ቀን ነው፤ «ሱቁ ሊዘጋ ነው፤ ውጡልኝ» አሏቸው። እማዬ፣ «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» ብትላቸው፣ «ጉልበቱ ተበላሽቷል ብዬ ላስወራበት? ነገ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ዝም አይነቅዝም» አሏት። ጀግና ነዎት የሚለውን ሙገሳ እንደ መርዝ ዋጡት። ስታዲየም መሄድም በዚያው ተዉ። ታዳጊው ገባ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እሱንም «ይውጣ!» ይሉት ጀመር።

ወንድሜ ታከመ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነ። አባባን ያከብራቸዋል፣ ይታዘዛቸዋል፤ ግን ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ወሬ በመካከላቸው አልነበረም። ለዓመታት። ስለ እግሩ በቤታችን ውስጥ አንድም ሰው አንስቶ አያውቅም። እኔም ፈራሁ፤ ቁስል እንዳልነካካ ብዬ።

ቤታችን ለልማት ፈረሰና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባባ ታመው ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩ። ወንድሜ ምንም ሳይል ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። «ተው፣ ትወድቃለህ» አሉት። «ይውጡ» አላቸው።

አዝሏቸው መውጣት ጀመረ። እኔ ጫማቸውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ ዓይኔን ከግራ እግሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም። በየደረጃው እግዜርን እለምናለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሊያርፍ ቆመ። አባባ ጆሮው ሥር ሆነው፣ «እግርህን አላመመህም?» አሉት።

ወንድሜ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አላመመኝም፣ አባባ። እርስዎ እኮ ቀልለው ነው።»

አባባ ግንባራቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉ። ወንድሜ ከፍ አድርጎ አስተካከላቸውና መውጣቱን ቀጠለ። የወንድሜን እግር መፍራት የተውኩት ያን ቀን ነው። አባባን ልናጣቸው እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው።