እግሬ ለምን አላመመኝም?

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። እስካሁን ሰው ያለ ምክንያት ፈገግ ሲልልኝ ክፉ ወሬ የደበቀኝ ይመስለኛል።

ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባጃጅ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ በመታው አስፋልት ተንሸራትቼ ተገለበጥኩና ቅልጥሜ ተሰበረ። በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ገባሁ። የማደንዘዣ ባለሙያው ወገቤ ላይ ሲወጋኝ የሆነ ነገር ነግሮኛል። እኔ ግን «ጌታ ሆይ አደራህን» እያልኩ ስለነበር አልሰማሁትም።

ከሰዓት በኋላ አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ማቃሰት ጀመረ። እሱም ያን ጠዋት ወገቡን ተወግቶ እግሩን የተሠራ ነው። እኔን ምንም አላመመኝም። ጭኔን ብቆነጥጠው የሌላ ሰው ጭን መሰለኝ። የደህነኛውን እግሬን ጣት ላነቃንቅ ብል እምቢ አለኝ። 

የምታስታምመኝን እህቴን «እግሬ ደህና ነው?» አልኳት።

«ምን ይሆናል ብለህ ነው!» ብላ ፈገግ አለችና አንገቷን ደፋች።

ወዲያው አጎቴ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው አልጋዬን ሲከቡት አለቀልኝ አልኩ። ሽባ ሆኛለሁ፣ ሊያረዱኝ ነው። ገና ድክ ድክ የምትለው ልጄ ታየችኝ።

«ልጄ፣ የሰጠ ጌታ ነው፣ የነሳም...» ሲሉ አጎቴ ጀመሩ።

«በቃ ይንገሩኝ! እግሬ ሞቷል አይደል?»

እርስ በርስ ተያዩ። «የምን እግር? ባጃጅህ ነው እንጂ! መካኒኩ አይጠገንም አለን» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ እግሬ ለምን አላመመኝም?» ብዬ ጮህኩ።

እህቴ ሮጣ የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠራችው። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ። «ሕመሙ ቶሎ እንዳይቀሰቀስብህ ከማደንዘዣው ጋር ሌላ መድኃኒት ጨምሬልሃለሁ። የጎረቤትህ ያለ ጭማሪ ነው፤ ለዚህ ነው ሕመሙ እሱ ላይ ቀድሞ የጀመረው። ሲመሽ ይለቅሃል።»

አላመንኩትም። ዓይኔን ጣቴ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹም አብረውኝ ጣቴን ይጠብቁ ጀመር።

አመሻሹ ላይ አውራ ጣቴን ነዘረኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ቁስሌ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። «ተመስገን፣ አመመኝ!» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ አለቀሱ።

አሁን የምነዳው የሰው ባጃጅ ነው፤ አልከፋኝም ብዬ አልዋሽም። ብርድ ሲሆን ቅልጥሜን ይጠዘጥዘኛል። ባለቤቴ «ላሽልህ?» ስትለኝ «ተዪው፣ ይጠዝጥዘኝ» እላታለሁ።