ሐረጎን በሁለት መኪና

መኪና ለመግዛት የወሰንነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ከእኛ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷም እየከዳት ስለመጣ፣ ሐኪም ቤት ስንወስዳት ባጃጅ ውስጥ መግባትና መውጣቱ ብቻ ያደክማት ጀመር። ባለቤቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ ጠዋት ወርዶ ማታ በሚኒባስ ይመለሳል። እኔ ደሴ አስተምራለሁ። ሦስት ልጆች አሉን። ሁላችንንም የምትይዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ የሰፈራችንን ድንጋይ የምትችል መኪና ነበር የምንፈልገው።

ብዙ ጠይቀን፣ ብዙ አይተን፣ በመጨረሻ ምርጫው ሁለት መኪኖች ላይ ቆመ። አንደኛዋ የቤንዚን ነች፤ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የሚኖር ነጋዴ ለጥቂት ዓመታት በጥንቃቄ የነዳት። ሁለተኛዋ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነች፤ ኮምቦልቻ ለሽያጭ ቆማለች። ሁለቱም ሦስት ረድፍ መቀመጫ አላቸው፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ጎን ለጎን ቢቆሙ እህትማማች ይመስላሉ። ባለቤቴ ልቡ ያደላው ወደ ቤንዚኗ ነበር። ሞተር ያለው ነገር ይገባዋል፤ ድምፁን ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይናገራል። እኔ ግን አቋም አልነበረኝም። ማደያ በር ላይ የተሰለፈውን መኪና ሳይ ኤሌክትሪኳን እመርጣለሁ፣ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ቤንዚኗ እመለሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ለመሞከር ተቀጣጠርን። በቤንዚኗ ከነጋዴው ጋር ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ በኤሌክትሪኳ ከሻጯ ጋር ደሴ እንወጣለን። እናቴን እንውሰዳት ያለው ባለቤቴ ነው። እኔ መንገዱ ያደክማታል ብዬ ነበር። እሱ ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ መኪናዋ ከማንም በላይ ለእርሷ እንደሆነች፣ መቀመጫው እንደተመቻትና እንዳልተመቻት ከእርሷ ሌላ የሚነግረን እንደሌለ አስረዳት። እናቴ ሳቀች። ዓይን የሌለው ሰው መኪና ሲመርጥ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። ግን ወዲያው አዲሱን ሻርፕ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ።

የቤንዚኗ መኪና ምንም አይወጣላትም ነበር። መቀመጫዋ ሰፊ፣ ፍሬኗ ጠንካራ፣ ሞተሯም እንደ ባለቤቴ አባባል ጤነኛ ነው። ነጋዴው ጨዋ ሰው ስለሆነ የተቀየረላትን ዕቃ ሁሉ ሳይደብቅ ነገረን። እናቴ መሃል ረድፍ ላይ ተቀምጣ የበሩን እጀታ ጨብጣ ወረደች። ሁለት ጊዜ ደርሰን እንደሆነ ጠየቀችን። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ኮምቦልቻ ስንገባ ባለቤቴ በዓይኑ «አየሽ?» አለኝ፤ ጉዳዩ ለእሱ ያለቀ መሰለኝ።

የኤሌክትሪኳ ሻጭ ከሌላ አገር መጥታ ኮምቦልቻ የምትሠራ፣ ሰላሳዎቹን የተሻገረች ሴት ነበረች። ብዙ አልለፈለፈችም፤ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥታ ከፊት አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ቁልፉን ተቀብሎ የሚያስገባበት ቀዳዳ ፈለገ። አንድ ነገር ጫን እንዲል አሳየችው፤ ጫን አለና የሞተሩን ድምፅ ጠበቀ። ለካስ መኪናዋ ተነስታለች። ከግቢው ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ እናቴ ክንዴን ነካ አደረገችና፣

«ምን ሆኑ? የማንነሳው ሰው እየጠበቅን ነው?» አለችኝ።

ከኮምቦልቻ ወጥተን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ሙቀቱ ስለከበዳት መስኮቱን ከፈትኩላት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ተራራው ሁሉ ውሃ ጠግቧል። መኪናዋ ያለ ምንም ጩኸት ሽቅብ ትሄዳለች። ባለቤቴ ዘወትር በሚኒባስ ሞተሩ ሲያቃስት እየሰማ የሚወጣውን ጠመዝማዛ አሁን በዝምታ ሲወጣው ትከሻው ዘና ሲል ከኋላ ይታየኛል። ግን እኔን ያስገረመኝ እሱ አልነበረም።

እናቴ እጀታውን ለቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆይታ፣ እዚህ ጋ በግራ በኩል ገደል አለ አለች። ነበረ። ቀጥላ አሁን መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ከዚያ ንፋሱ ይለወጣል አለች። ታጠፍን፤ ቀዝቃዛ ነፋስ በመስኮቱ ገባ። ከታች የሚወርደውን ወንዝ እኛ ሳናየው ነገረችን። አንድ የጥድ ደን ጋ ስንደርስ ሽታውን ስባ፣ ይሄ ድሮ አልነበረም፣ በኋላ የተተከለ ነው አለች።

ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ማሽላ የጫኑ አህዮች እየነዱ ይህንን ዳገት ለደሴ ገበያ በእግር ይወጡት እንደነበር አውቃለሁ። ስትነግረኝ ግን ብዙ ሰምቻት አላውቅም። በዓይኗ ያየችውን በጆሮዋ፣ በቆዳዋ፣ በአፍንጫዋ አኑራው ኖሯል። ከፊት የተቀመጠችው ሻጭ ዞራ ታያት ጀመር። ሁላችንም የምትለውን ነገር ከምናየው ጋር እያስተያየን አብረናት ወጣን።

ከአንድ ኩርባ በኋላ ድንገት እጇን አነሳች።

«እዚህ አቁሙልኝ። ውሃው እዚህ ነው።»

ባለቤቴ ዳር ያዘ። መንገዱን በየቀኑ ስለሚሄድበት በትሕትና፣ «እናቴ፣ እዚህ ውሃ የለም፤ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ እንዳይሆን እርስዎ ያሉት?» አላት።

«ከመንገዱ በታች ነው፣ ከላይ አይታይም። አባቴ አህዮቹን እዚህ ያሳርፍ ነበር። ውረድና እይልኝ።»

ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ወረደ። ቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋብን። እኔ እናቴን አያታለሁ፤ የሚጨነቅ ሰው ፊት የላትም፤ ጆሮዋን ወደ ታች አዘንብላ ትጠብቃለች። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ጫማው ረጥቧል፣ ፕላስቲኩ ሞልቷል። ከመንገዱ ጥቂት ዝቅ ብሎ በድንጋይ የተከበበ ትንሽ ምንጭ አገኘ፤ ድንጋዩ በእጅ የተደረደረ ነው። በዚያ መንገድ ለዓመታት ሲመላለስ አንድም ቀን አላየውም።

ውሃውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩላት። ቢስሚላህ ብላ እጇን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ታጠበች። የቀትሩ ስግደት፣ ዙሁር፣ ደርሶ ነበር፤ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሰገደች። ሻጯ ወርዳ ርቃ ቆመች። ስትመለስ ዝቅ ባለ ድምፅ ሱብሃነላህ ስትል ሰማኋት። እናቴን ለአሥራ አንድ ዓመት እጇን ይዤ እየመራሁ ያኖርኳት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ሐረጎ ላይ የመራችን እርሷ ነች።

ቤት ስንደርስ ጭቅጭቁ ወዲያው አላለቀም። ባለቤቴ ስለ መብራቱ አነሳ፤ ገጠር ዘመድ ጋ ስንሄድ የት ቻርጅ እናደርጋለን አለ። እውነቱን ነው። በኋላ እናቴን ጠየቃት። እርሷ ግን እንደጠበቅኩት ለመምረጥ አልቸኮለችም። ሁለቱም መቀመጫ እንደተመቻት ነገረችው። ከዚያ፣

«ያች የመጀመሪያዋ ስታወራ መጣች፤ እኔ የሞተሩን ወሬ ሰማሁ። ይቺኛዋ ዝም ስትል አገሬን ሰማሁት» አለችው። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ግን እሷን እፈራታለሁ። ግቢ ስትገባ አልሰማትም። ወላሂ አንድ ቀን ትድጠኛለች» አለች።

ባለቤቴ እስኪበቃው ሳቀ። ግቢ ሲገባ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ እንደሚነፋ ቃል ገባላት። በማግስቱ ለሆጤው ነጋዴ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው፤ ሰውየውም መልካሙን ተመኘልን።

ኤሌክትሪኳን ከገዛን ዓመት አልፎናል። የፈራነውም ደርሷል፤ አንድ ሰሞን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ባለቤቴ በሚኒባስ ሥራ ሄዷል። ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው በራሱ ሲሞላ ማየት ግን እስካሁን አልጠገበም፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቁጥሩ ከሐረጎ አናት ላይ ከነበረው ጨምሮ ያገኘዋል። እኔ እናቴን በሌላ መንገድም ይዣት መውጣት ጀምሬያለሁ። ልጆቹን ሬዲዮ እንዳይከፍቱ እነግራቸዋለሁ። መስኮቱን እንከፍትላታለን፤ እርሷ እስክትናገር ሁላችንም ዝም እንላለን።