በጥቁር ፌስታል ያለችው ደሴት

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ቦሌ አራብሳ።

ጨለማ፣ ጭቃ፣ የታክሲ ሰልፍ። ከፊቴ ያለችው ሴት ቆማ ታንቀላፋለች። ጉዞዬ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ብቻ ነው፤ የምፈልገው ግን የተወለድኩባትን ደሴት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ታላቅ እህቴ አስካለ ከሰባት ጎረቤቶቿ ጋር እዚያ ቀርታለች። ሎጅ ሊሠራ ነውና ውጡ ተብለዋል።

ደሴቷ በፊት ራሷን የቻለች ቀበሌ ነበረች። ሊቀመንበር ነበራት፣ ማህተም ነበራት፤ አባቴ ከፍርድ ሸንጎው ዳኞች አንዱ ነበር። ቢሮዋ ዓሣ ማድረቂያው አጠገብ ያለች ጎጆ ነበረች። በኋላ ወረዳው ከሐይቁ ማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ቀላቀላት። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አስካለ ምክንያቱ የተጻፈበትን ቃለ ጉባኤ ፈልግልኝ አለችኝ። መዝገቡ በቀድሞው ሊቀመንበር በጋሽ ተሰማ እጅ ነው፤ አሁን ልጃቸው ቤት፣ ቦሌ ይኖራሉ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ። ኢምፔሪያል።

መንገዱ ተዘግቷል። ጥሩንባ፣ የናፍጣ ጭስ፣ በላስቲክ የሚዞር ሳምቡሳ። ጋቢና ነኝ። ሾፌሩ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፣ የደሴት መዝገብ ፍለጋ አልኩት።

"ፋዘር፣ ውሃ መሃል ማንን ነው የምታስተዳድሩት? ዓሣውን?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት። መድኃኔዓለም ጀርባ።

አራተኛ ፎቅ። ጋሽ ተሰማ በፒጃማ ቁጭ ብለዋል፤ የማይሰሙት ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። ቢሮው ሲዘጋ የሚረከባቸው ስላጡ መዝገቡን ይዘውት መጥተዋል። ከአልጋ ስር ጎትተው አወጡት። የአንድ ደሴት አስተዳደር፣ በአንድ ጥቁር ፌስታል።

ቃለ ጉባኤው የተፈረመበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጋሽ ተሰማ ቆመው አነበቡልን፤ የሞተር ጀልባ ይሰጠን የሚል ማመልከቻ ነው አሉ። ወንዶቹ ተሰልፈን አውራ ጣታችንን አሳረፍን። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተማርኩት እዚሁ ቦሌ ዘበኛ ሆኜ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዛሬ ራሴ አነበብኩት። "የነዋሪው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ቀበሌው እንዲፈርስና መሬቱ በወረዳው እጅ እንዲሆን ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ጠይቋል።" ስለ ጀልባ አንድ ቃል የለም። ከስሜ ጎን ጣቴ አለ።

"ያነበቡልን ይህን አይደለም" አልኳቸው።

"እኔስ መቼ ማንበብ እችል ነበር? ወረቀቱን ያመጣው የወረዳው ሰውዬ የነገረኝን በቃሌ ይዤ ነው፣ ወረቀቱን እያየሁ ያልኩት። ሊቀመንበር ሆኜ አልችልም ልበል?"

ልሰድባቸው ተነስቼ ነበር። ተውኩት። ወረቀቱን ውሰደው አሉኝ፤ ወሰድኩት።

ከቀኑ 6 ሰዓት። አራብሳ።

መብራት የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለአስካለ ደወልኩና ሁሉንም አነበብኩላት። በስልኩ የሐይቁ ንፋስ ይሰማል።

"ያንተ ጣት አለበት?"

"አለበት።"

"የኔስ?"

ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየሁ። ስብሰባው የተጠራው በገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን የኛ ሴቶች ዓሣ ጭነው ማዶ ይቀዝፋሉ።

"የለም እትዬ። አንድም ሴት የለችበትም።"

"በሙሉ ድምፅ የሚለውን እስቲ ድገመው።"

ደገምኩላት።

"በል ይዘኸው ና" አለች። "ወረዳዎቹ ፊት ቆመህ ታነበዋለህ።"

ይሰሙናል ብዬ አላስብም። ጫማዬን ግን አላወለቅኩም።